ከዊዳል እስከ ፕሮካልሲቶኒን፦ የደም ምርመራ ለሐኪሙ የሚነግረውና የማይነግረው

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ደውለው የሰጡኝ ርዕስ «አዳዲስ የላቦራቶሪ ምርመራዎች» የሚል ነበር። ርዕሱ ሰፊ፣ የተሰጠኝ ሃያ ደቂቃ ደግሞ ጠባብ ስለሆነ አንድ ነገር ብቻ መርጬ መጥቻለሁ። የባክቴሪያ ኢንፌክሽንንና ሴፕሲስን ለመለየት ከደም የምንለካቸው ጠቋሚዎች ምን ይነግሩናል? ምንስ አይነግሩንም? ከአዳራሹ ግማሹ ሐኪም ነው፤ ግማሹ መሐንዲስ፣ መምህር፣ የሕግ ባለሙያ ነው። ሐኪሞቹ የምታውቁትን ስደግም ታገሡኝ። ለሌሎቻችሁም ነገሩ ሩቅ አይደለም፤ አንድ ቀን የእናታችሁን የምርመራ ወረቀት ይዛችሁ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ መቆማችሁ አይቀርም። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሴፕሲስን በተለምዶ «የደም መመረዝ» እንለዋለን። ስሙ ግማሹን እውነት ብቻ ነው የያዘው። በ2016 የወጣው ዓለም አቀፍ ትርጓሜ እንደሚለው፣ ሴፕሲስ ማለት ሰውነት ለኢንፌክሽን የሚሰጠው ምላሽ መስመር ስቶ የገዛ ኩላሊቱን፣ ሳንባውን፣ አእምሮውን ሲጎዳና ሕይወትን አደጋ ላይ ሲጥል ነው። ስለዚህ ባክቴሪያው ደም ውስጥ ተገኘም አልተገኘም ሴፕሲስ ሊኖር ይችላል። በ2017 ብቻ በዓለም ላይ 48.9 ሚሊዮን ሰዎች በሴፕሲስ እንደታመሙ፣ 11 ሚሊዮን ያህሉም እንደሞቱ ተገምቷል። በዚያ ዓመት ከሞቱት ሰዎች ከአምስቱ አንዱ ማለት ነው። ሸክሙ የሚከብደው ደግሞ እንደኛ ባሉ አገሮች ላይ ነው።

ችግሩ ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ይጀምራል። እዚህ ጎንደር የተማርን ሁሉ እናውቀዋለን። ከሁመራ ወይም ከመተማ የሰሊጥ እርሻ የተመለሰ ወጣት እየተንቀጠቀጠ ይመጣል። ወባ ነው? ግርሻ ነው? ካላዛር ነው? የሳንባ ምች ነው? ቲቢ ነው? ወይስ ከነዚህ ሁለቱ አብረው? የወባና የግርሻ መልስ ብዙ ጊዜ በአንድ ጠብታ ደምና በማይክሮስኮፕ ይገኛል፤ ለዚህም ነው ያ አሮጌ ምርመራ ዛሬም የሚከበረው። የባክቴሪያውን ግን እንዲህ በቀላሉ ማየት አንችልም። የደም ካልቸር ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል፤ ሕመምተኛው ሾክ ውስጥ ከሆነ ደግሞ አንቲባዮቲኩ በአንድ ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። «እንግዲያው ትኩሳት ላለው ሁሉ እንስጥ» ብንል፣ መድኃኒቶቹ በእጃችን ላይ ይሞታሉ። በ2019 መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በቀጥታ የሞተው ሰው 1.27 ሚሊዮን እንደሚሆን ተገምቷል። ሐኪሙ በነዚህ ሁለት ፍርሃቶች መካከል ነው የሚቆመው። አንድ ሰው መጥቶ «በደም የሚለካ ቁጥር አለኝ፤ ባክቴሪያ መሆን አለመሆኑን ይነግርሃል» ቢለው እንዴት አይጓጓም?

እኛ ኢትዮጵያውያን ግን ይህን ግብዣ ከዚህ በፊት ተጋብዘናል። እስቲ ከመካከላችሁ በሕይወቱ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ተብሎ የማያውቅ ካለ እጁን ያውጣ። (ሳቅ።) አዩ፣ ሦስት ሰው ነው። ከሦስቱም አንደኛው ያደገው ውጭ አገር ነው መሰለኝ።

ዊዳል የሚባለው ምርመራ ከፈረንሳዊው ሐኪም ከፌርናንድ ዊዳል ስሙን ያገኘው በ1896 ነው። ዌይል-ፌሊክስ ደግሞ የ1916 ነው። ሁለቱም ባክቴሪያውን አያዩም። የሚያዩት ሰውነት የሠራውን ፀረ-እንግዳ አካል ነው፤ እሱም ባለፈው ዓመት ከነበረ ሕመም ሊተርፍ፣ ከሌላ ተዛማጅ ባክቴሪያ ሊመጣም ይችላል። መጽሐፉ ምን እንደሚል ታስታውሳላችሁ፤ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ናሙና ወስደህ አራት እጥፍ መጨመሩን ተመልከት ይላል። በየክሊኒኩ ሁለተኛ ናሙና ሊሰጥ የተመለሰ ሰው ያየ አለ? አንድ ጊዜ ይለካል፣ «1:160» ተብሎ ይጻፋል፣ መርፌው ይታዘዛል። ያ ሰው ያመመው ኢንፍሉዌንዛ ሊሆን ይችላል። በሦስተኛው ቀን ይሻለዋል፤ ምስጋናውን ሴፍትሪያክሶን ይወስዳል። በሚቀጥለው ዓመት ሲያተኩሰው ራሱ ገብቶ «ታይፎይዴ ተነሥቶብኛል» ይላል። ምርመራው በዘመኑ ትልቅ ግኝት ነበር፤ ያበላሸነው ወረቀቱን የመድኃኒት ማዘዣ በማድረጋችን ነው።

ዛሬ ይህን ንግግር የማደርገው ፕሮካልሲቶኒን የሚባለው አዲሱ ምርመራ በውድ ዋጋ ሁለተኛ ዊዳል እንዳይሆንብን ስለምሰጋ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ታላቅ ወንድሙ ስለ ሲአርፒ ጥቂት ልበል። ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን በ1930 በኒው ዮርክ ሮክፌለር ኢንስቲትዩት በቲሌትና በፍራንሲስ የተገኘ ነው፤ የሳንባ ምች በያዛቸው ሕሙማን ደም ውስጥ ነው ያዩት። ጉበት ይሠራዋል፣ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ውስጥ መውጣት ይጀምራል፣ በሁለተኛው ቀን አካባቢ ጣሪያው ላይ ይደርሳል። ርካሽና ታማኝ ነው፤ ነገር ግን ጭሱን ያሳያል እንጂ እሳቱን ማን እንደለኮሰው አይናገርም። ሪህም፣ ቀዶ ሕክምናም፣ ቲቢም፣ ወባም ከፍ ያደርጉታል።

ፕሮካልሲቶኒን የተለየ ታሪክ አለው። በጤናማ ሰው የእንቅርት ዕጢ ውስጥ ካልሲቶኒን የተባለው ሆርሞን ከመሠራቱ በፊት ያለው ጥሬ ዕቃ ነው፤ 116 አሚኖ አሲዶች ያሉት። በጤና ጊዜ ደም ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። በ1993 የፓሪስ ተመራማሪዎች ኢንፌክሽን የተጠረጠረባቸውን 79 ሕፃናት ተከታትለው ከባድ የባክቴሪያ ሕመም ባለባቸው ላይ ይህ ነገር እጅግ ከፍ ብሎ፣ የቫይረስ ሕመም ባለባቸው ላይ ግን ዝቅ ብሎ አገኙት። ምሥጢሩ በኋላ ተገለጠ። የባክቴሪያ መርዝና እሱ የሚቀሰቅሳቸው ሳይቶካይኖች ጉበትን፣ ሳንባን፣ ስብን ጨምሮ መላ ሰውነትን ፕሮካልሲቶኒን እንዲሠራ ያደርጉታል። በቫይረስ ሕመም ጊዜ የሚወጣው ኢንተርፌሮን ጋማ ደግሞ ይህንኑ ሥራ ያፍናል። ከሦስትና ከአራት ሰዓት በኋላ መውጣት ይጀምራል፣ በአንድ ቀን ውስጥ ጫፉ ላይ ይደርሳል፤ ኢንፌክሽኑ ሲሸነፍ በየቀኑ በግማሽ ያህል ይወርዳል። ይህን አወራረዱን ያዙልኝ፤ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

እስከዚህ ድረስ ውብ ነው። ችግሩ የሚመጣው ከመኝታው አጠገብ ነው። ትልቅ አደጋ የደረሰበት፣ ሰፊ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት፣ በእሳት የተቃጠለ ሰው ያለ ባክቴሪያም ቁጥሩ ይወጣል። አዲስ የተወለደ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በተፈጥሮው ከፍ ይልበታል። ለኛ ደግሞ ከሁሉም የሚብሰው፣ በፋልሲፓረም የሚመጣ ከባድ ወባም ከፍ ያደርገዋል! በአውሮፓ በተጻፈው የመመሪያ ወረቀት ላይ ይህ ነጥብ በግርጌ በደቃቅ ፊደል ነው የሚቀመጠው። መተማ ላይ ግን ዋናው ጽሑፍ እሱ ነው። በተቃራኒው ተሸፍኖ የተቀመጠ መግል፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ የልብ ቫልቭ ኢንፌክሽንና ቲቢ ዝቅተኛ ቁጥር ሊያሳዩ ይችላሉ።

አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። አዲስ አበባ የምሠራበት ሆስፒታል አንዲት በሃምሳዎቹ ያሉ እናት ማታ መጡ። ብርድ ብርድ ካላቸው፣ ጎናቸውንም ከያዛቸው ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው። በደቂቃ 32 ጊዜ ይተነፍሳሉ፣ የላይኛው የደም ግፊታቸው 85 ነው፣ እጃቸው ቀዝቅዟል፣ የልጃቸውን ስም ያምታታሉ። ደም ተወስዶ ሬዚደንቱ ፈሳሽና አንቲባዮቲክ ጀመረ። ፕሮካልሲቶኒን በዚያ ሌሊት እኛ ጋ ስላልነበረ ልጃቸው ብልቃጧን በእጁ ይዞ ወደ ግል ላቦራቶሪ ሮጠ። ሲመለስ ውጤቱ 0.2 ነበር፤ ኖርማል ማለት ነው። ልጁ ደስ ብሎት «ዶክተር፣ ባክቴሪያ የለባትም አሉኝ» አለ። ሬዚደንቱም ተጠራጠረ፤ «እናቁመው እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። አላቆምንም። ሽንታቸው መግል ነበር። በማግስቱ ቁጥሩ ሲለካ ከ40 በላይ ሆኖ ተገኘ። የመጀመሪያው ናሙና አልዋሸም፤ ገና ጊዜው አልደረሰም ነበር እንጂ። እጃቸውን የጨበጠ ሰው ግን ያንን ወረቀት መጠበቅ አላስፈለገውም።

ጥናቶቹም ይህንኑ ይላሉ። በአሜሪካ 14 ሆስፒታሎች ውስጥ 1,656 የሳንባ ኢንፌክሽን የተጠረጠረባቸው ሕሙማን የተሳተፉበት ፕሮአክት የተባለ ጥናት በ2018 ታትሟል። ቁጥሩ የተነገራቸው ሐኪሞችና ያልተነገራቸው ሐኪሞች አንቲባዮቲክ የሰጡበት ጊዜ አልተለያየም፤ በአማካይ 4.2 ቀንና 4.3 ቀን። የ2021 ዓለም አቀፍ የሴፕሲስ መመሪያም አንቲባዮቲክ ለመጀመር በፕሮካልሲቶኒን ላይ አትንተራሱ ይላል። እዚህ ላይ ከመመሪያው ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ ከሁሉም መመሪያ ጋር የምስማማ ሰው እንዳልሆንኩ የክፍል ጓደኞቼ ታውቃላችሁ።

ታዲያ ለምን ይጠቅማል? ለማቆም ነው። አወራረዱን ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። በኔዘርላንድስ በተደረገውና በ2016 በታተመው ጥናት 1,500 በሚበልጡ የጽኑ ሕሙማን ላይ አንድ ቀላል ደንብ ተሞከረ። ቁጥሩ ከጫፉ 80 በመቶ ከወረደ ወይም ከ0.5 በታች ከሆነ ሐኪሙ አንቲባዮቲኩን ለማቆም እንዲያስብ ይነገረዋል፤ አይገደድም። የሕክምናው መካከለኛ ርዝመት ከ7 ቀን ወደ 5 ቀን ወረደ። በ28 ቀን ውስጥ የሞቱትም በርከት አላሉም፤ እንዲያውም 20 በመቶ ከ25 በመቶ ነበር። በ2024 መጨረሻ ላይ የወጣው የብሪታንያ ጥናት ደግሞ በ41 የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች 2,760 ሰዎችን ይዞ ሲመዝን፣ ትርፉ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በፕሮካልሲቶኒን የተመሩት 9.8 ቀን፣ በተለመደው መንገድ የታከሙት 10.7 ቀን ወሰዱ፤ ጉዳት አልታየም። ሲአርፒ ደግሞ ጊዜውን አላሳጠረም።

አንድ ቀን ምን ዋጋ አለው ትሉኝ ይሆናል። ለንደን ላይ ምናልባት ትንሽ ነው። እኛ ጋ አንቲባዮቲኩን ከውጭ ፋርማሲ የሚገዛው አስታማሚ ነው። ስንት አስታማሚ በሬ ሸጦ፣ ከዕቁብ ተበድሮ ሜሮፔነም እንደገዛ የዎርድ ነርሶችን ጠይቁ። ሁለት ሳምንት «ለማንኛውም ይቀጥል» እየተባለ የሚሰጥ መድኃኒት ማየት በኛ ዘንድ አይደንቅም። ካልቸር አልተሠራም፣ ማን እንደጀመረው አይታወቅም፣ ማንም ለማቆም አይደፍርም፤ የሚያቆመው ሰው ነገ ሕመምተኛው ቢብስበት የሚጠየቀው እሱ ነዋ! ፕሮካልሲቶኒን ትልቁ ጥቅሙ፣ እንደ እኔ አመለካከት፣ ለዚያ ለሚፈራ ሐኪም ድፍረት መስጠቱ ነው።

በከባድ የሳንባ ምች የገባ አንድ ጎልማሳ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ቁጥሩ 22 ነው። በስድስተኛው ቀን 3.1 ሆነ፤ ትኩሳቱ ከወረደ ሁለት ቀን አልፎታል፣ ያለ ኦክስጅን ይቀመጣል፣ ሾርባ ይጠጣል። ራውንድ ላይ ተነጋግረን ሜሮፔነሙን አቆምን። ታናሽ ወንድሙ መድኃኒቱን ሲገዛ የነበረው እሱ ነው፤ ከበር ላይ ጠብቆ ያዘኝ። «ዶክተር፣ መድኃኒቱ የተቋረጠብን ተስፋ ስለሌለው ነው ወይስ ስለዳነ?» አለኝ። ቆሜ ለማስረዳት አሥር ደቂቃ ፈጀብኝ። ይህን የምናገረው ለወጣት መምህራኑ ነው። አንቲባዮቲክ ማቆም ማለት ቤተሰብን ማስረዳትም ጭምር ነው፤ ካልነገርናቸው ከሌላ ቦታ ገዝተው ይቀጥላሉ።

ደግሞ ምርመራው ከትክክለኛ መንገድ ጋር ሲጣመር ልዩ ውጤት እንደሚያመጣ ታንዛኒያ አሳይታለች። ዳሬሰላም ውስጥ ከሁለት ወር እስከ አምስት ዓመት ባሉ ትኩሳት ያላቸው ሕፃናት ላይ የተደረገና በ2017 የታተመ ጥናት ነው። የጤና ባለሙያዎቹ በታብሌት ላይ ደረጃ በደረጃ ይመራሉ፤ ትንፋሽ ይቆጠራል፣ የኦክስጅን መጠን ይለካል፣ ሲአርፒና ፕሮካልሲቶኒን የሚጠየቀው ለተመረጡት ብቻ ነው። አንቲባዮቲክ የታዘዘላቸው ሕፃናት በተለመደው የኮምፒውተር መመሪያ 29.7 በመቶ ሲሆኑ በዚህኛው 11.5 በመቶ ሆኑ። በሰባት ቀን ውስጥ ያልተሻላቸው ደግሞ ከ4.1 ወደ 2.3 በመቶ ወረዱ። ከፕሮአክት ጋር አነጻጽሩት፤ እዚያ ምርመራው ብቻውን ተሰጠ፣ እዚህ ግን በምርመራው ዙሪያ አሠራር ተሠራ።

ስለ ላክቴት አጭር ነገር ልጨምርና ወደ ጥያቄዬ ልለፍ። ላክቴት የባክቴሪያ ጠቋሚ አይደለም፤ ሴሎች መጨነቃቸውን ነው የሚናገረው። በሾክ ጊዜ ግን ሁላችንም እንፈልገዋለን፤ ማሽኑም ብዙ ቦታ የለም። በ2019 የታተመው አንድሮሜዳ-ሾክ የተባለ የላቲን አሜሪካ ጥናት 424 ሕሙማንን ለሁለት ከፍሎ ግማሾቹን በላክቴት፣ ግማሾቹን በጣት ምርመራ መራቸው። የሌባ ጣትን ጫፍ በማይክሮስኮፕ መስተዋት አሥር ሰከንድ መጫን፣ ከዚያ ቀለሙ ስንት ሰከንድ ፈጅቶ እንደሚመለስ መቁጠር፤ ከሦስት ሰከንድ ካለፈ ደም በደንብ አልደረሰም። በጣት የተመሩት ከሌሎቹ የባሰ ነገር አልደረሰባቸውም፤ የሞቱት 34.9 በመቶ ነበሩ፣ በላክቴት ከተመሩት 43.4 በመቶ ሲሆን፣ ልዩነቱ በስታቲስቲክስ ሚዛን ጥቂት ጎደለው እንጂ። መምህሮቻችን ጥፍር ጨብጣችሁ ቁጠሩ ሲሉን የነበረው ለካ በከንቱ አልነበረም። እጃቸውን የዘረጉልንም ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል። (ጭብጨባ።) ፈሳሽ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በሉሳካ በ2017 የታተመ ጥናት የሀብታም አገር የፈሳሽ መመሪያ በቀጥታ የተሰጣቸው ሕሙማን 48 በመቶ ሲሞቱ በተለመደው የታከሙት 33 በመቶ ነው የሞቱት። ብዙዎቹ ኤችአይቪ ያለባቸው ነበሩ፣ የጽኑ ሕሙማን አልጋም አልነበረም። ከውጭ የመጣ ደንብ ሁሉ እኛ ጋ ሲደርስ እንደገና መመዘን አለበት።

አሁን ለማኅበራችን የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። ውጭ አገር ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች ለሆስፒታሉ መሣሪያ ለመላክ ገንዘብ እያሰባሰባችሁ እንደሆነ ሰምቻለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ነገር ግን በየሆስፒታሉ ሪኤጀንት አልቆበት፣ ጨርቅ ለብሶ የተቀመጠ ማሽን ሁላችንም አይተናል። ስለዚህ ከፕሮካልሲቶኒን ማሽን በፊት የደም ካልቸር ጠርሙስ ይምጣ፤ ለአንድ ዓመት ሳይቋረጥ። ፕሮካልሲቶኒን የቱንም ያህል ቢወጣ የባክቴሪያውን ስም አይነግረንም፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለውም አይነግረንም። ካልቸር ሁለቱንም ይነግረናል። ለአዋቂ በአንድ ጠርሙስ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ደም፣ ሁለት ጠርሙስ ከሁለት ቦታ፣ አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት። ነርሶቹን በዚህ ላይ ማሠልጠን ከማሽኑ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ከዚያ በኋላ ፕሮካልሲቶኒን ቢመጣ ደስ ይለኛል። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለኝ፤ መጠየቂያ ወረቀቱ ላይ «ውጤቱ ምን ይለውጣል?» የሚል መስመር ይኑር፣ ሐኪሙም ሳይሞላው ናሙናው አይወሰድ። አንቲባዮቲክ በጀመረ ሰው ላይ በየሁለት ቀኑ ይለካ፤ 80 በመቶ ሲወርድ ቡድኑ ስለ ማቆም ይነጋገር። ትኩሳት ላለው ሁሉ በር ላይ እንዲታዘዝ ግን አይፈቀድ። ወባ በሚበዛበት ወቅት መጀመሪያ የደም ፊልሙ ይታይ። የማይክሮባዮሎጂ ክፍሉ ባልደረቦች ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ በሁለተኛው አዳራሽ ስለ ጠርሙሶቹ አቅርቦት ያወያያሉ፤ እኔም እዚያ እገኛለሁ። የወጪውን ስሌት አዘጋጅቼ ይዤ መጥቻለሁ፤ ገንዘብ ያዡም ቢመጡልን መልካም ነው።